«ይሄማ ተራ ነው!» ያልኩ ዕለት

የሞቀ አቧራ ሽታ ታውቃላችሁ? ዕቃ ላይ የተኛውን አቧራ አይደለም የምለው፤ ማሽን ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚሞቀውን ነው። ባለፈው ሳምንት የዓይን ጠብታ ልገዛ ወጥቼ፣ አሮጌ ኮምፒውተር በሚጠግኑበት ሱቅ በኩል ሳልፍ አንዱን ሆዱን ከፍተው አብርተውት ነበር። ያ ሽታ መጣ። ላይ ላዩን የሞቀ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የበርበሬ ብናኝ። አፍንጫዬን ያዝ አደረገኝና ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ። ባለሱቁ «ይማርዎት እማማ!» አለኝ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ሰውየው ደንግጦ ውሃ ሊያመጣልኝ ተነሣ።

እንዴት አልስቅ! የኛ ቤት ኮምፒውተር ልክ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ቤታችን መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ነው። ያኔ እኔ ዛላ በርበሬ ቤቴ እያስመጣሁ እቀነጥስ ነበር፤ ጭራውን አላቅቃለሁ፣ የሻገተውን ከደህናው እለያለሁ። ልጄ ጭነት መኪና ይነዳል፣ ከወር ወር አገር ለአገር ነው። ሴት ልጁን እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ ለሷ ብሎ አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ መጣና ባለችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጠረጴዛዋ ደግሞ የምትቆመው የኔ በርበሬ አጠገብ ነው። ያ ማሽን ከኋላው ማራገቢያ አለው፤ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር የኔን በርበሬ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ ቤቱ በርበሬ የሚታመስበት ቤት ይሆናል።

የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጓደኛዋ የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ናት፤ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተት፣ ለመሳቅ ሰበብ የማትፈልግ ልጅ። ሁለቱ እያስነጠሱ ይጫወቱ ነበር። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ጨዋታውን ትነጥቃታለች፤ «ያስነጠሰ ተራው አለፈ» የሚል ሕግ አውጥተው ነበር።

ጨዋታው ውስጥ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ጢንጥዬ ሰውዬ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ጉድጓድ ከገባ ይሞታል፣ ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብድግ ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ በሞተ ቁጥር «ወይኔ ልጄን!» እያልኩ የቀነጠስኩትን ካልቀነጠስኩት እደባልቅ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ «ኮፍያው» እያልኩም እጠራው ጀመር።

«ሌቭል ምንድነው?» ብዬ ብጠይቅ ጓደኛዋ «ደረጃ ማለት ነው እማማ» አለችኝ። እኔም ደረጃውን ፈለግኩ። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ፣ «የታለ ደረጃው? ሰውየው ሜዳ ላይ አይደለም እንዴ የሚሮጠው?» ስል ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

ኋላ ላይ ቁም ነገሩ ገባኝ። አንዱ ሌቭል አንድ መንገድ ነው፤ መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ መሃሉ ላይ ጣጣ አለው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የሠሩት ሲያልቅ፣ ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች ደግሞ የየራሳቸውን መንገድ እየሠሩ ለሌላው ያድላሉ። የት እንዳሉ አይታወቅም፣ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ልጆቹ ያንን ከሰፈሩ ጌም ቤት በፍላሽ እየቀዱ ያመጡ ነበር። ምግብ ቤት የሚበላ ሰው ወጡ ሲጥመው ተነሥቶ ወጥ ቤት ገብቶ ለሌላው እንደሚሠራ ዓይነት ነው። ደስ አለኝ ነገሩ።

ዝም ብዬ መቀንጠስ ነበረብኝ። ግን አፌ መቼ ያርፋል!

አንድ ቀን ሁሉ ነገሩ ሮዝ የሆነ ሌቭል አመጡ። ሰማዩ ሮዝ፣ መሬቱ ሮዝ፣ ዛፉ ሮዝ፤ የሠርግ አዳራሽ ነው የሚመስለው። ልጆቹ «ሲያምር!» ተባባሉ። ኮፍያው ግን በሦስት እርምጃ ሞተ። ተነሣ፣ ሞተ። ለካስ እሾሁም ሮዝ ነው።

«ይሄን የሠራው ሰው በርበሬ ቀንጥሶ አያውቅም» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«የሻገተውና ደህናው እኩል ቀይ ከሆነብኝ እኔ በምን እለያለሁ? የሚገድለው ነገር ቀለሙ ይለይ። ማማሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።»

የልጅ ልጄ ደብተሯን ስባ መጻፍ ጀመረች። «ምን ትጽፊያለሽ?» ብላት «ያልሽውን» አለች። እኔ ያልኩት ነገር ደብተር ላይ ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነው። ፊደል ራሱ የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ፣ የጻፈችውን ቀስ ብዬ አነበብኩትና ልክ መሆኑን አየሁ። «እማዬ ብላለች» ብላ ነበር የጀመረችው።

ሌላ ቀን ደግሞ ግድግዳ ያለበት መጣ። ኮፍያው ግድግዳውን ዘሎ ሲወርድ ከጀርባው ጉድጓድ። ከዚህ ወዲህ ሆኖ ማየት አይቻልም። የልጅ ልጄ ስትጫወተው ስድስት ጊዜ ሞተች።

«ከባድ ነው» አለች፣ ላቧን እየጠረገች።

«ከባድ አይደለም፣ ተንኮል ነው» አልኳት። «ተሸካሚ ጆንያ አዝሎ ሲመጣ ምን ይላል?»

«መንገድ! መንገድ!» አለች ጓደኛዋ፣ ድምጿን አጎርንና።

«አዎ። ጮኾልሽ ካልዞርሽ፣ ቢጥልሽም ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ተነሥተሽ ትስቂያለሽ። ሳይጮኽ ከጣለሽ ግን የናቱን ስም አንሥተሽ ትሰድቢያለሽ። ፈተናና ተንኮል የሚለዩት በዚያች ጩኸት ነው።»

ያንንም ጻፈችው። ስድቡን ግን ተወችው።

ሁሉም መጥፎ ነበር እንዳትሉኝ። አንዱን አሁንም አልረሳውም። ጨለም ያለ ሰማያዊ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ አንድ መብራት ሩቅ ቦታ ይበራል፣ ሌላ ምንም የለም። ኮፍያው ዝም ብሎ ወደ መብራቱ ይሄዳል፣ ሲደርስ ያልቃል። ልጆቹ «ይደብራል» አሉ። እኔ «ይሄን የሠራው ሰው ሰው ናፍቆታል» አልኳቸው።  ከዚያ የልጅ ልጄ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ በዝግታ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ደብተሩ ሞላ። ይዘውት ጌም ቤት ይሄዳሉ። ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች የሚል የሰፈር አፍ ነበረና፣ እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ አብሬ መሄድ ጀመርኩ። ጌም ቤቱ በሁለት ሱቆች መሃል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው፤ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሙቀት፣ ጩኸት፣ የላብና የማስቲካ ሽታ። የሚያሠራው ቀጭን ወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ብድግ ብሎ «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ፍርድ ልሰጥ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ልጆቹ ደብተሩን ቀድመው ለተጫዋቾቹ አንብበውላቸው ኖሮ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ወንበር ተለየልኝ። ስገባ ባለጌም ቤቱ «አፋችሁን ሰብስቡ፣ እማማ መጡ» ይላል። ሰው የሠራውን ሌቭል እየከፈተ ያሳየኛል። አንዱ ፂሙን ማሳደግ የጀመረ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ በራሱ የሚኮራ። የሱ ሌቭል ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፣ ከጎን መጋዝ። ኮፍያው ገና ሳይነሣ ይቃጠላል።

«እንዴት ነው እማማ?» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ልጄ፣ ይሄ በርበሬ ብቻ ነው። ወጡ የታለ?»

ሳቁ እስከ ውጭ ተሰማ። ፂማሙ ቀላ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። «እሺ፣ ወጥ ይዤ እመጣለሁ» አለ። እውነትም በሳምንቱ አሻሽሎ መጣ፤ እሳቱን ቀንሶ፣ በመሃል በመሃል ትንፋሽ መሰብሰቢያ ሰጥቶ። «አሁን ጨው ብቻ ነው የጎደለው» ብዬ መረቅኩት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለጌም ቤቱ አንድ ነገር አመጣ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉም የሠራውን ይዞ ይምጣ። ሕዝቡ የወደደው ሌቭል በሁሉም ማሽን ላይ ይጫናል፤ ክረምቱን ሙሉ ይቆያል» አለ። እዚያ ቤት ሴት ልጅ ሌቭል ሠርታ አታውቅም። የልጅ ልጄን ዓይን አየሁት። በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችው ነገር አላውቅም፤ ለበዓል ልብስ እንኳ እንደዚያ አልፈለገችም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኔ ተደበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ እነሱ ተጎንብሰው ያንሾካሹካሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ ከጓዳ ብቅ ስል ነጠላዬን ስክሪኑ ላይ ይጥሉታል። «ሳያልቅ አታዪም! ካየሽ ታወሪያለሽ!» ትለኛለች።

ረቡዕ ዕለት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጓደኛዋ ከኋላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ነጠላውን ገለጡት።

እናንተዬ! መርካቶን ነው የሠሩት።

መነሻው ቀይ ነው፤ የተደረደረ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ እየዘለለ ይወጣል። ቀዩ ሲያልቅ ነጭ ይጀምራል፤ የተንጠለጠለ ሸማ፣ ሸማውን ይዞ እየተወዛወዘ ይሻገራል። ነጩ ሲያልቅ የዛገ ብረት ቀለም ይመጣል፤ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ የመዶሻ ድምፅ። ቀለሙ ሲለወጥ ቦታው መለወጡን ሳይነግሩህ ታውቃለህ። የሚገድለው ነገር ከሩቅ ይለያል። በርሜል ተንከባሎ ከመምጣቱ በፊት «መንገድ! መንገድ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የጓደኛዋ ድምፅ ነው፣ አጎርንናው። ሦስት አደጋ ካለፈ በኋላ ከሸራ ጥላ ሥር ትንሽ ያርፋል። መጨረሻ ላይ ሰማዩ ይከፈትና አውቶቡሶች ተሰልፈው ይታያሉ፣ አንዱ ላይ ይሳፈራል። አለቀ።

 በርበሬ ስቀነጥስ ለራሴ የማወራው የመሰለኝ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እምባዬ እንዳይወርድ ከንፈሬን መጠጥኩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ አፌ ላይ የመጣልኝን ትልቁን ቃል ተናገርኩ።

«ይሄማ ተራ ነው!» አልኩ። «ተራ! እንዲያው ተራ!»

የልጅ ልጄ ፊት ድርግም አለ። ጓደኛዋ እኔንም እሷንም አየችና ሻሿን አስተካክላ «እናቴ ጠርታኛለች» ብላ ወጣች። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ደክሟት ነው ብዬ ምሳ አቀረብኩላት፤ አልበላችም። ሐሙስም ማሽኑን አልከፈተችውም። ልጅ ሲጨርስ እንደዚህ ነው፣ ባዶነት ይሰማዋል አልኩ ለራሴ። ሞኝ!

ዓርብ ጓደኛዋ ደጃፌ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ዓይኗ አብጧል።

«አጠፋችው እማማ።»

«ምኑን?»

«ሌቭሉን። ረቡዕ ዕለት እኔ እንደወጣሁ ከኮምፒውተሩ ላይ ደመሰሰችው። አያቴ ተራ ነው ብላ፣ ከንፈሯን መጥጣብን፣ ጌም ቤት ወስጄ መሳቂያ አልሆንም አለች። ለምን ተራ አሉብን ግን?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ተራ አይደለም እንዴ?»

«እማማ!» አለች፣ ልቅሶዋ እንደገና መጣ። «ተራ ማለት እኮ ዝም ብሎ ነገር ማለት ነው። የትም ያለ። የማይረባ።»

እጄ ላይ የነበረው በርበሬ ወደቀ።

አሁን ለኔ ተራ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለዚያች ልጅም ያን ዕለት ደጃፍ ላይ ቆመን የነገርኳት ይሄንኑ ነው። ከገጠር እዚህ መርካቶ አክስቴ ዘንድ ስመጣ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ማንበብ የለ፣ የከተማውን አማርኛ እንኳ ገና አላጣራሁም። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን፣ «የጠፋሽ እንደሁ ሰው አትጠይቂ፣ ተራ ጠይቂ» አለችኝ። ሰው ልሸኝሽ ብሎ ሌላ ቦታ ይወስድሻል፤ ተራ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በሁለተኛው ሳምንት ጠፋሁ። ሰው እንደ ጎርፍ ወስዶ የማላውቀው ቦታ ተፋኝ። ያየሁትን ሴት ሁሉ ቀሚስ እየያዝኩ «ይሄ ምን ተራ ነው?» እላለሁ። ጫማ ተራ አሉኝ፤ ቆዳው ሸተተኝ። ሸማ ተራ አሉኝ፤ ጥጥ ጥጥ ሸተተኝ። ምናለሽ ተራ ስደርስ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መዶሻ ጆሮዬን አደነቆረው። እንዲህ አንዱ ተራ ለሌላው ተራ እያስረከበኝ፣ በመጨረሻ አፍንጫዬ ሲቃጠል ቤቴ መድረሴን አወቅኩ። ያን ቀን እያስነጠስኩ ነው ያለቀስኩት። ለኔ ተራ ማለት ሰው የማይጠፋበት ማለት ነው። የሠለጠነ፣ ቦታ ቦታውን የያዘ፣ ማንበብ የማይችለውን ሰው እንኳ እጁን ይዞ የሚመራ። ከዚያ በላይ ምስጋና አላውቅም።

ጓደኛዋ አፏን ከፍታ ሰማችኝና በአንድ ጊዜ ልቅሶዋ ወደ ሳቅ ዞረ። «እኔ ፍላሽ ላይ የድሮውን ይዣለሁ» አለች። «መጨረሻው ነው የሌለው። አውቶቡሶቹ የሉትም።»

የልጅ ልጄ ግን አልሰማም አለች። «ልታጽናኚኝ ነው» አለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ልጅ አንዴ ከተከፋ ማስረጃ ይፈልጋል።

ቅዳሜ ማለዳ «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። እያጉረመረመች ተከተለችኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው የጆንያና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው፤ ሱቆቹ ገና መከፈታቸው ነው። አንድ ቦታ ስንደርስ ቆምኩ።

«ይሄ ምን ተራ ነው?»

«ሸማ ተራ» አለች፣ እንደማትፈልግ ሆና።

ትንሽ ሄድን። «ይሄስ?»

«ምናለሽ ተራ። ምን ሆነሻል እማዬ? ጠፋሽ?»

«እዚያ ማዶ ሰው የሚሳፈርበትስ?»

«አውቶቡስ ተ...»

መንገድ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች።

«አውቶቡሱ የማይረባ ስለሆነ ነው ተራ የተባለው?» አልኳት።

ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። ከኔ ጀርባ ታዝላ ሳለች ጀምሮ በቀን መቶ ጊዜ የሰማችው ቃል ነው፤ ግን ስም ውስጥ ተደብቆባት አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ከኋላዋ ፍራሽ የተሸከመ ሰው «አንቺ ልጅ፣ መንገድ! መንገድ!» ብሎ ጮኸ። አልሰማችም። ፍራሹ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ አሽከረከራትና ፊቷ ወደ እኔ ዞረ። እየሳቀች ነበር።

«ጮኾልሻል» አልኳት። «ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

«ታዲያ ከንፈርሽን ለምን መጠጥሽ?»

«ስለነካኝ።»

«ከንፈር የሚመጠጠው እኮ ለሞተ ሰው ነው!»

«ለኔ ለሁለቱም ነው። ይቅርታ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ለደስታው እልል እላለሁ።»

«እንዳትዪ! ጌም ቤት ውስጥ እንዳትዪ!» ብላ እጄን ይዛ ሮጠች። እኔ በዚህ ጉልበቴ!

እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ነበረን። ሁለቱ ተጎንብሰው የጠፋውን መጨረሻ እንደገና ሠሩት። እኔ ዳግመኛ እንዳልሳሳት አፌን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይታ የልጅ ልጄ ሳትዞር፣ «እማዬ፣ ዝም አልሽ እኮ። አንቺ ዝም ስትዪ ያስፈራል» አለች።

«ሰውየው ሩቅ ነው የመጣው» አልኩ ቀስ ብዬ። «አውቶቡሱ እስኪመጣ የሚቀመጥበት ስጡት።»

በርጩማ ሠሩለት። እንዳስቀምጠውም ማውሱን ሰጡኝ። ያቺን ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ከጣቴ ሥር እንደ አይጥ ነው የምታመልጠው። በርጩማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ላወርደው ብል ይብስ ወደ ላይ ወጣ። «ተዪው፣ ተዪው!» አሉኝ ሆዳቸውን ይዘው። ተውነው።

ጌም ቤቱ ያን ቀን መተንፈሻ አልነበረውም። ስድስት ወይ ሰባት ሌቭል ቀረበ። የኛዎቹ ሲደርስ ፂማሙ «እኔ ልሞክረው» ብሎ ተቀመጠ። ቀዩን አለፈ፣ ነጩን አለፈ፣ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ በርሜል ጨፈለቀው።

«ይሄ ተንኮል ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከየት መጣ?»

 የልጅ ልጄ ሄዳ ድምፁን ከፍ አደረገችለት። «አሁን ሞክር» አለችው።

ተነሣ፣ ሮጠ። «መንገድ! መንገድ!» የሚለው ድምፅ ጌም ቤቱን ሞላው። ፂማሙ ደንግጦ ከነወንበሩ ዞር አለ፤ እውነተኛ ተሸካሚ የመጣ መስሎት! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም «እኔ፣ እኔ» ሆነ። መጨረሻው ላይ በርጩማውን ያየ ሁሉ «ይሄ ምንድነው ሰማይ ላይ?» ይላል። ጓደኛዋ «የእማማ ሥራ ነው» ትላለች። «እማማ፣ እንዴት ነው የሚቀመጡበት?» ሲሉኝ «ዝለላ! ጉልበት የለህም?» እላለሁ።

ባለጌም ቤቱ ሊጭነው ፍላሹን ሲቀበል «ስሙ ማን ይባል?» አላት።

ወደኔ አየችና «ተራ» አለች።

«ተራ?» አለ ፂማሙ። «ራስሽን ትሰድቢያለሽ እንዴ?»

«የት አገር ነው የምትኖረው አንተ?» አለችው። «መርካቶ አይደለም?»

ክረምቱን ሙሉ በዚያ መጋረጃ በኩል ሳልፍ «መንገድ! መንገድ!» የሚል የልጅ ድምፅ እሰማ ነበር። አንዳንዴ ውጭ ያለው እውነተኛው ተሸካሚ ከውስጥ ሲጮኽበት ሰምቶ መንገድ ይለቃል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

በዓመቱ ሌላ ሠራች፣ ብቻዋን። ጓደኛዋ ያኔ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ «እማዬ፣ ነይ እዪ» ብላ ጠራችኝ። ነጠላም አልጣለችበትም። መነጽሬን አድርጌ ከኋላዋ ቆምኩ። የጠዋት ጭጋግ ያለበት፣ ዛፍ ዛፍ የሆነ፣ በጣም የሚያምር ነገር ነው። ኮፍያው ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ጥላ አለ፣ አጠገቡ መርገጫ ድንጋይ አለ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። አየሁት። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ጥላውና ድንጋዩ አይለይም፣ አይደል?» አለች ቀድማኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «አውቄዋለሁ። ነገ አስተካክለዋለሁ።»

አፌን ዘጋሁ። ቃሉ ገና ምላሴ ላይ ነበር፣ ልክ እሷ ያለችው ቃል። ኮራሁ፤ እግዜር ያውቃል ኮርቻለሁ። ግን ደግሞ ከቤቴ አንድ ዕቃ ወጥቶ እንደሄደ ሁሉ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ዞር ዞር ብዬ የምፈልገው ነገር ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልታሳየኝ ትጠራኛለች እንጂ ልትጠይቀኝ ጠርታኝ አታውቅም። ዛሬ ይሄንኑ ሥራዬ ብላ የያዘች ትልቅ ሴት ናት።

ያን ዕለት ወደ ጓዳ ልመለስ ዘወር ስል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ቀሚሴን ያዘች።

«የት ትሄጃለሽ?» አለች። «ባትናገሪም ቁጭ በይ።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።